አዲስ ቲቪ ላይ መጀመሪያ የሚጠፉት

ስማርት ቲቪ ከካርቶኑ ሲወጣ ማንም ያላዘዘው ነገር ሁሉ በርቶ ነው። ከሁሉ የከፋው ምስሉን "ለማለስለስ" የተጨመረው ነው። ሳምሰንግ ፒክቸር ክላሪቲ፣ ኤልጂ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ሞሽንፍሎ ይሉታል።

ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀረጻል፤ ስክሪኑ ግን በሴኮንድ 60 ወይም 120 ጊዜ ይታደሳል። ይሄኔ ፕሮሰሰሩ በሁለት ፍሬም መሃል ያልተቀረጸ ምስል እየገመተ ይሰካል። ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም የስቱዲዮ ድራማ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው። ግምቱ ሲስትማ አያድርስ ነው፦ የተመታች ኳስ ጭራ ታወጣለች ወይም ለቅጽበት ትሰወራለች። በዜና ግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍም ዳር ዳሩ ይሟሟል፤ "ቡ" እና "ቢ"ን የምትለየው ትንሽ ሰረዝ ቀድማ ትጠፋለች።

ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግስ፣ ፒክቸር፣ ኤክስፐርት ሴቲንግስ፣ ፒክቸር ክላሪቲ ሴቲንግስ ገብታችሁ ኦፍ አድርጉት። ኤልጂ ላይ በፒክቸር ሥር አድቫንስድ ሴቲንግስ፣ ክላሪቲ፣ ትሩሞሽን ነው። የሜኑው ስም እንደ ሞዴሉ ዓመት ትንሽ ይለያያል።

ብዙ ሰው "አጠፋሁት፣ ተመልሶ በራ" የሚለው አልተመለሰበትም። በብዙ ቲቪዎች ማስተካከያው የሚያዘው ለየመግቢያው ነው፤ ሪሲቨሩ የተሰካበት ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ያጠፋችሁት ኤችዲኤምአይ 2 ላይ እንደበራ ነው። ሳምሰንግ "አፕላይ ፒክቸር ሴቲንግስ" የሚል ምርጫ አለው፣ ኦል ሶርስስ በሉት። ኤችዲአር (ብሩህና ጨለማ ቦታዎችን ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳይ የቪዲዮ ዓይነት) ደግሞ የራሱ ማስተካከያ ስላለው የኤችዲአር ቪዲዮ እየታየ እያለ እንደገና ማጥፋት ያስፈልጋል። ከ2020 ወዲህ በወጡ ብዙ ሞዴሎች ያለው ፊልምሜከር ሞድ የተባለ የምስል ምርጫ ይህን ሁሉ በአንዴ ያጠፋል። ለማታ ፊልም ግሩም ነው፤ ለቀን ኳስ ግን ይጨልማል።

የዜናው ጽሑፍ ከታች ተቆርጦ ከታየ ችግሩ ሌላ ነው። በካቶድ ቲቪ ዘመን የምስሉን ዳር ለመደበቅ ይደረግ የነበረው ማጉላት ዛሬም አልቀረም። ሳምሰንግ ላይ ፊት ቱ ስክሪን፣ ኤልጂ ላይ ጀስት ስካን አብሩ።

ቀጥሎ ስለላው። ቲቪው ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል አሻራ እየወሰደ ምን እንደምታዩ ለማስታወቂያ ይልካል፤ በኤችዲኤምአይ የገባውም ሊካተት ይችላል። የቲቪ አምራቹ ቪዚዮ ይህን ያለ ተመልካቾች ፈቃድ በ11 ሚሊዮን ቲቪዎች ሠርቷል ተብሎ በአሜሪካ በ2017 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሳምሰንግ ላይ ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ የሚለውን ምልክት አንሱ፣ ኤልጂ ላይ ላይቭ ፕላስን አጥፉ። መጀመሪያ ሲከፈት "አግሪ ቱ ኦል" የሚለውን አትንኩ፤ ግዴታ የሆነውን ብቻ ምረጡ።

ከዲሽ ውጭ ምንም የማያይ ቤት ግን ዋይፋዩን ጨርሶ ባያገናኝ ይሻላል። ሶፍትዌሩን ማደስ ካስፈለገ በሞዴሉ ቁጥር ከአምራቹ ድረ ገጽ ወደ ፍላሽ አውርዶ መጫን ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ ያጠፋችኋቸውን አንድ በአንድ አይታችሁ አረጋግጡ።