ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሲወጡ

አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከላሊበላ ተነስተን፣ የገብስ ማሳዎቹን አልፈን፣ ጅብራ ከሚበቅልበት ከፍታ ደርሰናል። ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል። ግን ጭላዳ የሚባለውን ዝንጀሮ ለማየት ነው የመጣሁት፤ ቶሎ መድረስ ነበረብኝ።

ጭላዳ ነብርና ጅብ እንዳይደርሱበት ገደል ውስጥ ያድራል። ፀሐይ ስትወጣ ወደ አፋፉ ይወጣል። ያኔም ወዲያው ለመብል አይሮጥም። ቁጭ ብሎ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ጠጉር ይፈታተሻል። ከዚያ ግጦሽ ይጀመራል። ከዝንጀሮ ወገን ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ሌላ የለም። በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ሣሩን ቶሎ ቶሎ እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይበላል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ይቆፍራል።

ጋማው የተንዠረገገውን ወንድ ያየ ሰው የቤቱ ባለቤት እሱ ይመስለዋል። እኔን የማረኩኝ ግን ሴቶቹ ናቸው። ቤቱ የእነሱ ነው። እናት፣ ልጅ፣ እህት ሆነው ዕድሜያቸውን አብረው ይኖራሉ። ወንዱ ከውጭ መጥቶ ይገባል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሌላ ጎረምሳ ታግሎ ይነጥቀዋል። የተሸነፈው አንዳንዴ እዚያው ልጆቹ አጠገብ ይቀራል። አውራ ሳለ ደም የመሰለው የደረቱ ቀይ ቆዳ ግን ይገረጣል። አንዱን እንዲህ ያለ ሽማግሌ ዳር ላይ አይቼ አንጀቴን በላው።

ጠብ ሲመጣ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድድና ጥርሱን ያሳያል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ቀይ ቀበሮም የሚኖረው እዚሁ ነው፤ አይጥ አዳኝ ነው። ያን ቀን አልታየንም።

ስንወርድ ገብሳቸውን የሚጠብቁ አባት አገኘን። «አባቴ፣ ያስቸግሯችኋል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማስቸገሩንስ ያስቸግራሉ። ግን ግጦሹን አረስንባቸው፤ የት ይሂዱ?»

እውነታቸውን ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚቀረው ገደሉ ብቻ ነው፤ ገደል ደግሞ ማደሪያ እንጂ ሣር የለውም።

ለመሄድ ያሰባችሁ ጎህ ሳይቀድ ተነሱ፤ የአካባቢውን ሰው መንገድ መሪ ያዙ። ምግብ ግን እንዳትወረውሩላቸው፤ የሰው እህል ከለመዱ ጣጣው ለገበሬው ነው የሚተርፈው።