ያን ሁሉ ውሃ ማን ቀዳው?

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው፣ ምክንያቱን እንጃ። የህዳር ብርድ ይሁን ወይ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ስላደረ ይሁን ብቻ ቅዳሜ ነውና ፎጣዬን በፌስታል ይዤ ወደ ገንዳው ሄድኩ። ያው ፊዚዮቴራፒስቷ "ዋና ባትችዪም ውሃ ውስጥ ተራመጂ" ብላ ያስጀመረችኝ ነው፣ ሰባተኛ ሳምንቴ። በዚህ ብርድ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ልብስ ማውለቅ ራሱ ጀግንነት ይጠይቃል።

ደግነቱ ውሃው ለብ ያለ ነው። ወደፊት 20 እርምጃ፣ ወደኋላ 20፣ ከዛ እግር ወደ ጎን ማንሳት፣ ከዛ ያቺን ረጅም ስፖንጅ ብብታችን ስር ሸጉጠን እንደ ሳይክል መንዳት። ሲያዩት ቀላል ነው፣ ግን ውሃ ከቸኮላችሁበት ይበረታባችኋል፣ ፍጥነታችሁን እጥፍ ብታደርጉት እሱ አራት እጥፍ ነው የሚገፋችሁ፣ ቀስ ካላችሁ ግን ለስላሳ ነው። አሰልጣኙ ልጅ እንዳስረዳን እስከ ወገብ ስንገባ ክብደታችን በግማሽ ይቀንሳል፣ እስከ ደረት ሲሆን ሲሶ ገደማ ነው የሚቀረው፣ እስከ አንገት ደግሞ አንድ አስረኛ። እኔ 78 ኪሎ ነኝ፣ ደረቴ ድረስ ስገባ ጉልበቴ የሚችለው 26 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ክብደት።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የገንዳውን ብረት ለቀቅኩት። አሰልጣኙ በጀርባዬ አስተኝቶኝ መዳፉን ከትከሻዬ ስር አድርጎ "እናቴ አይፍሩ፣ አየር ይሳቡና ሆድዎን ወደ ላይ" አለኝ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሰው ድምፅ ሁሉ ጠፋ፣ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ስስብ ከፍ እላለሁ፣ ሳስወጣ ትንሽ ዝቅ። እጁን መቼ እንዳነሳ አላወቅኩም። ውሃው ተሸከመኝ።

እዛው ተንጋልዬ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እማዬ መጣችብኝ። እሷ እኮ ውሃ ስትሸከም ነው የኖረችው። መንዝ ወንዙ ቁልቁል ነው፣ እንስራውን አዝላ ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ ደረቷ ላይ ይዛ ዳገቱን በየቀኑ ትወጣለች። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ የሸክላው ክብደት ሳይቆጠር። ገመዱ ያረፈበት ትከሻዋ ላይ እስከዛሬ ስርጉድ ያለ ቦታ አለ፣ ልጅ ሆኜ ጣቴን እዛች ላይ ሳላደርግ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

በዛ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ወንዝ ገብታ አታውቅም። የአክስቷን ልጅ ክረምት ላይ ጎርፍ ወስዶባታል፣ "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው" ትላለች፣ እኛንም ወንዝ ዳር ካገኘችን ልምጭ ነው። የሷ ብቻም አይደል ፍርሃቱ፣ የአባይ አገር ልጆች ሆነን ስንቶቻችን ነን የምንዋኘው? በ2008 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ከ59 ዋናተኛ መጨረሻ ሲወጣ ቢሮ ውስጥ ስንስቅ ነበር፣ አሁን ያን ሳቅ ሳስበው ያመኛል።

ፍልውሃ ግን ትወዳለች። እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ "ከተማዋስ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደውት አይደል?" ትለኛለች። ስለዚህ ከውሃ ጋር አልተጣላችም ማለት ነው።

አሁን አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ በፈረቃ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ሲጠፋ ከታች በጄሪካን ነው የምናወጣው። በ71 ዓመቷ፣ እኔ ከሌለሁ ትንሿን ጄሪካን ይዛ ትወርዳለች፣ ስንቴ ተጣላን መሰላችሁ። ጉልበቷ ከኔ የባሰ ነው።

ስመለስ ነጠላዬ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። "እዛ ምን ስትሠሩ ነው የምትቆዩት?" አለችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት፣ የገንዳውን ስፋት፣ ጥልቀቱን፣ መንሳፈፌን። ቡናዋን እየቆላች ዝም ብላ ሰማችኝና "ያን ሁሉ ውሃ ማን ቀዳው?" አለች።

ቧንቧ አለው፣ ማጣሪያ አለው፣ ያንኑ ውሃ እያጣሩ ነው የሚመልሱት ምናምን ብዬ አስረዳኋት። ግን የጠየቀችኝ እሱን አልመሰለኝም፣ ይኸው እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል።

እማዬ 54 ኪሎ ናት። ደረቷ ድረስ ብትገባ 18 ትሆናለች፣ ከባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ያነሰ። ልብሱን ታፍራለች አውቃለሁ፣ ግን አንዷ እናት ሱሪና ቲሸርት ለብሰው ነው የሚገቡት፣ ማንም ምንም አላላቸውም። እጇን ይዣት እገባለሁ። እንዴት ብዬ ነው ግን የምጠይቃት? ከስንት ዓመት ሸክም በኋላ "ነይ ደግሞ አሁን ውሃው ይሸከምሽ" ይባላል?

ይሄን ስጽፍ ሌሊት 8 ሰዓት ሆነ። ቧንቧው ማፏጨት ጀምሯል፣ ውሃ ሊመጣ ነው። እሷ ቀድማኝ ተነስታለች፣ ጄሪካኑን ኮሪደሩ ላይ ስትጎትት ይሰማኛል።