ጂኤስፒን ሳይ አመሸሁ

ዛሬ ከሥራ ደክሞኝ ገባሁና ትንሽ ልይ ብዬ የድብልቅ ማርሻል አርት (ኤምኤምኤ) ተፋላሚውን የጆርጅ ሴንት ፒየርን፣ በአጭሩ ጂኤስፒ የሚሉትን፣ የድሮ ፍልሚያዎች ከፈትኩ። እራቴ ቀዘቀዘ።

ሰውየው የካናዳ ኩቤክ ልጅ ነው። ልጅ እያለ ጉልበተኞች ሲያስቸግሩት ካራቴ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ማንም ያልጠበቀው ማት ሴራ በመጀመሪያው ዙር ዘርሮት የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወሰደበት። በዓመቱ ሞንትሪያል ላይ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት ተገናኙ። ሴራን መሬት ላይ ይዞ ጎኑን በጉልበቱ ሲደቁሰው ዳኛው ገላገለ። አዳራሹ ቀውጢ ሆነ!

እኔን የገረመኝ ግን በ2013 ቀበቶውን በፈቃዱ አስረክቦ መውጣቱ ነው። (እኛ አገር ወንበር የሚለቅ ስንቱ ነው?) በ2017 ከፍ ባለ ክብደት ተመልሶ መጣና ማይክል ቢስፒንግን አንቆ አስተኛው።

26 ድል፣ 2 ሽንፈት። የሁለቱንም ብድር መልሷል።