ጠብ ያበረዱትንም እንቅረጽ

እናንተም አዛውንት የምትቀርጹ ካላችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ የእናቶችን ትዝታ በስልኬ እቀርጻለሁ። የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 ሲመጣ ሽለላው አለ፣ እቴጌ ጣይቱ ይነሳሉ፣ ሸዋረገድ ገድሌ ይነሳሉ፣ ሲያንስባቸው ነው። ግን ሴት የምትነሳው ስትዋጋ ወይ ስንቅ ስታቀብል ነው። ጠብ ያበረደችውስ?

«ስለ ጦርነት ይንገሩኝ» ካላችኋቸው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንዶቹን ጠይቅ» ነው መልሱ። «እዚህ አገር ደም የተቃቡትን ማን አስታረቀ?» በሏቸው እስቲ፣ ስልካችሁ ይሞላል እንጂ ወሬው አያልቅም።

መሐል ሜዳ ያገኘኋቸው እማማ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ነው ያወሩኝ። ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ጠመንጃ ሊማዘዙ ሲሉ እናታቸው መሃል ገብታ «በጠባችሁት ጡት ይዣችኋለሁ» አለችና ነጠላዋን መሬት ላይ ጣለችው።

«ከዚያስ እማማ?»

«ከዚያማ ማን ይረግጠዋል ልጄ!»

እንዝርቷን አሾሩና ዝም። (እንዝርት ስልክ ላይ ይጮሃል፤ ስልኩን ከእጃቸው ራቅ አድርጉት። ማስቆም ግን አይሆንም፣ እጃቸው ሲቆም ወሬውም ይቆማል።)

ይህን ስሰማ ላይቤሪያ ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች የእርስ በርስ ጦርነቱ ይብቃ ብለው፣ ነጭ ለብሰው ዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ ዓሳ ገበያ አጠገብ ተቀመጡ። ጋና፣ አክራ ላይ የሰላም ድርድሩ ሲጓተት ደግሞ ሄደው በሩን ዘጉት፣ ተደራዳሪዎቹ እንዳይወጡ። ሊያስሯቸው ሲመጡ መሪያቸው ሌይማ ቦዊ ልብሷን አወልቃለሁ ብላ ተነሳች፤ እናትን ራቁቷን ማየት እዚያ እርግማን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተሸለሙት ሦስት የኖቤል ሰላም ተሸላሚዎች አንዷ እሷ ናት። የኛዋ ከነጠላዋ ሌላ ምንም የላት፣ ሽልማትም የላት።

«በዓሉን ልታደበዝዝ ነው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1933 የኅብረት ሥራ ሴቶች ማኅበር ለሰላም ብሎ ነጭ ፖፒ አበባ ማድረግ ሲጀምር፣ ብዙዎቹ ባልና ልጅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያጡ ነበሩ። ለሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ የሚደረገውን ቀዩንም፣ ነጩንም አብረው የሚያደርጉ አሉ። ደግሞ የኛ በዓላት ከውጭ ወራሪ ጋር ለተዋጋነው ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ፣ እዚሁ ሸዋ፣ ወገን ከወገን ተላልቋል፤ ለዚያ ማን ይሸልላል? የአስታራቂዎቹ ወሬ የሚገኘው ግን እንዲህ ባለው ጠብ ውስጥ ነው።

የቅርቡን ዓመታት አልጠይቅም፣ ቁስሉ አልደረቀም። ደማቸው የደረቀ ቤተሰቦችንም ስም ከቅጂው እቆርጣለሁ፣ ልጆቹ ዛሬ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ለሚያዝያ 27 አጠር ያለች ቅጂ ከአርበኞቹ ትረካ ቀጥሎ እንዲያሰሙልኝ የበዓሉን አዘጋጆች ጠይቄ «እናያለን» ተብያለሁ። እናንተ ስም የምትሸፍኑት እንዴት ነው? ስቆርጠው ወሬው ይንተባተባል።