ፈተናውን ከሞጁሉ በፊት ጻፉ

ዩኒቨርሲቲያችሁ ውስጥ ማይክሮ ክሬደንሻል (አንድን የተወሰነ ችሎታ በአጭር ሥልጠና አስተምሮና መዝኖ የሚሰጥ ምስክር ወረቀት) ልትጀምሩ ከሆነ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። የእኛን ያዘጋጀነው ባሕር ዳር ውስጥ ለአሳ አስጋሪዎች፣ ለአሳ ነጋዴዎችና ለሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኞች ነው፤ ከጣና የወጣ ቆሮሶና አምባዛ ሳይበላሽ ገበታ እንዲደርስ እንዴት እንደሚያዝ ያስተምራል።

የፍላጎት ጥናቱም፣ ሞጁሉም፣ የአሠልጣኝ ምደባውም ያለ ችግር አለቀ። የሠልጣኙን የሥራ ጫና በኢሲቲኤስ፣ ማለትም በአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት መለኪያ፣ አሰላን። በአውሮፓ አሠራር አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ነው፤ የክፍሉ ብቻ ሳይሆን የተግባር ልምምዱም ይቆጠራል።

ፍዳችንን ያየነው ምዘናው ላይ ነው። ያቀረብነው ፈተና ይህ ነበር፦ ሠልጣኙ ማለዳ ጀልባ የሚራገፍበት ዳር ይመጣል፤ ትኩስና የዋለ አሳ ተደባልቆ ይሰጠዋል። ስንጥቡን ገልጦ ቅላቱን፣ ዓይኑን፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት መመለሱን አይቶ የሚሸጠውን ከሚጣለው ይለያል፤ ምክንያቱንም ይናገራል። ቀጥሎ አሳውንና በረዶውን አነባብሮ ይደረድራል።

የጥራት ኮሚቴው «ይህ ፋይል ውስጥ አይቀመጥም፤ የምርጫ ጥያቄ አምጡ» አለን። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ። የገጽ ቁጥር ታረመ፣ የማኅተሙ ቦታ ተለወጠ፤ ምስክር ወረቀቱን የሚይዘው ሰው የተበላሸ አሳ ይለይ እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። እስካሁን ያበሽቀኛል። ዕድሜዋን ሙሉ አሳ ስትሸጥ የኖረች እናት በምርጫ ጥያቄ ትወድቃለች፤ አሳ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ግን ማስታወሻውን ሸምድዶ ያልፋል። ሆቴሉም ማኅተሙን አምኖ ይቀጥረዋል። ይባስ ብለው «ሳይቀር ለተከታተለ ሁሉ ይሰጠው» ያሉም ነበሩ። ዩኔስኮ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የማይክሮ ክሬደንሻል ትርጓሜ ይዘን ቀረብን፤ ሠልጣኙ የሚያውቀውን፣ የሚረዳውን ወይም መሥራት የሚችለውን የሚያረጋግጥ፣ በግልጽ መስፈርት የተመዘነ መሆን አለበት ይላል። መከታተል ብቻውን ይህን አያሟላም።

መንገድ የከፈተልን ፈተናውን ፋይል የሚገባ ማድረጋችን ነው። የእያንዳንዱን አሳ ፎቶ ከነጥብ መስጫ ቅጹ ጋር አያያዝን፤ ሁለት መዛኞች ሳይነጋገሩ ነጥብ እንዲሰጡ አደረግን። አንዷ ለሆቴል አሳ የምትገዛ ባለሙያ ነበረች። ኮሚቴው የጽሑፍ ጥያቄ ካልተጨመረ ብሎ ቢሟገትም በቃል እንዲጠየቅ ተስማማን።

የዝግጅት መመሪያው ምዘናውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። አትስሙት፤ ሞጁሉን ሳትነኩ ፈተናውን ጻፉ። ለፈተናው የማያስፈልግ ምዕራፍ ያኔ ራሱን ያጋልጣል። ያስተማረ ሰው ብቻውን አይፍተን። የትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ሳይቀበል «ወደ ዲግሪ ይያዝላችኋል» ብላችሁ ለማንም ቃል አትግቡ። ምስክር ወረቀቱ ላይ ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል፣ ስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ እንዴት እንደተመዘነና ጥራቱ በምን እንደተረጋገጠ ይጻፍ፤ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የ2022 ምክረ ሐሳብም እነዚህን ይጠይቃል። የውጭ መዛኙን አበል ደግሞ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡ፤ ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ እኛ ለብቻው መደብ ባንይዝለት ኖሮ በሁለተኛው ዙር ይቀር ነበር።