ጆን ሜዮው ሊታወስ ይገባዋል
ዛሬ ለተማሪዎቼ ውሃ በያዘ ሳህን ላይ ሻማ ለኩሼ ብርጭቆ ደፋሁበት። እሳቱ ጭል ጭል ብሎ ጠፋ፤ ውሃውም በብርጭቆው ውስጥ ወደ ላይ ወጣ። ልጆቹ ጉድ አሉ!

እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት ስለ ጆን ሜዮው ነው። በኦክስፎርድ ሕግ ተምሮ በባዝ ከተማ ያከም የነበረ እንግሊዛዊ ነው። አይጥን ለብቻዋ፣ ከዚያም ከሚነድ መብራት ጋር የመስታወት ዕቃ ደፍቶ ዘጋባት። ከመብራቱ ጋር ስትሆን የቆየችው ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ነው። (አይጧ ታሳዝናለች።) እሳትም ሆነ እስትንፋስ ከአየሩ የሚወስዱት አንድ ነገር እንደሆነ ገባው። ይህን ያሳተመው በ1674 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ኦክስጅን ከመገኘቱ 100 ዓመት ገደማ ቀድሞ! በ1679 ሲሞት አርባ እንኳ አልሞላውም። ስሙ በኦክስጅን ግኝት ከሚታወቁት ሳይንቲስቶች ከፕሪስትሊና ከላቮዚዬ እኩል ቢነሳ እንዴት ደስ ባለኝ።