«ክሊቭ»፦ መሰንጠቅ ወይስ መጣበቅ?

«ክሊቭ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ስተረጉም መዝገበ ቃላት ከመግለጤ በፊት ከግሱ ቀጥሎ ያለውን ቃል አያለሁ። ተሳቢው ያለ መስተዋድድ ከተከተለ መሰንጠቅ ነው። «ቱ» (to) የሚለው መስተዋድድ፣ በድሮው አጻጻፍ ደግሞ «አንቱ» (unto) ከገባ መጣበቅ፣ አለመለየት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ክሌኦፋን» ሰነጠቀ፣ «ክሊፊያን» ደግሞ ተጣበቀ የሚሉ ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላ መልካቸው ገጠመ።

ከሁሉ የሚያሳስተው የኃላፊ ጊዜው «ክሌቭ» ነው። በ1611 በታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘፍጥረት 22፥3 ላይ አብርሃም ለመሥዋዕቱ እንጨት ሲሰነጥቅ «ክሌቭ» ይላል። ሩት 1፥14 ላይ ሩት ከአማቷ አልለይም ስትልም ያው «ክሌቭ» ነው፤ ልዩነቱን የሚናገረው «አንቱ» ብቻ ነው። እሱን ዘሎ የሚያነብ ሰው የሩትን ፍቅር ወደ መለያየት ይገለብጠዋል። እኛም «ይጠብቃል» ብለን ስንጽፍ «ብ» ጠብቃ ከተነበበች ዘብ መቆም ወይም መጠበቅ፣ ላልታ ከተነበበች መጥበቅ ነው። ለይቶ የሚነግረን ዙሪያው ያለው ቃል ነው።

ፍቺው ከተለየ በኋላም አንድ አማርኛ ለሁሉም አይበቃም። መዝሙር 137፥6 ላይ ስለ ምላስ ሲናገር «ይጣበቅ» ልክ ነው። ለሩት ግን «ተጠጋቻት» እመርጣለሁ፤ «ተጣበቀችባት» ብል እንዳስቸገረቻት ይሰማል።

ከመሰንጠቁ ወገን የወጡት ቃላት ይቀላሉ፦ «ክሊቨር» አጥንት የሚከሰክስ የሥጋ ቤት መጥረቢያ መሳይ ቢላ፣ «ክሎቨን» የተሰነጠቀ ሰኮና፣ «ክሌፍት» ከንፈር ወይም ላንቃ ላይ ሲመጣ ከልደት የመጣ ስንጥቅ። «ክሎቭ» ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ከጭንቅላቱ ተፈልቅቃ የምትወጣው የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ከዚሁ ሥር ነች። ቅርንፉድ የሚባለው «ክሎቭ» ግን ዘመዷ አይደለም፤ ቅርጹ ምስማር ስለሚመስል ምስማር ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። የምግብ አሠራር ስተረጉም ቁጥሩንና ጎረቤቱን አያለሁ፦ «2 ክሎቭ» ተብሎ «ጋርሊክ» ካለ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ብቻውን ከቀረፋና ከሄል ጋር ከተደረደረ ቅርንፉድ።

በሳይንስ ጽሑፍ ኢንዛይም ፕሮቲንን «ክሊቭ» ሲያደርግ «ይሰነጥቃል» አልልም፤ የሚበጠሰው ሰንሰለት ስለሆነ «ይቆርጣል» እላለሁ። ለማዕድን ግን፣ ለምሳሌ ሚካ በስስ ገጽ በገጽ ሲላቀቅ፣ «ይሰነጠቃል» በደንብ ይሄዳል።